ሳተላይት ሳትመጥቅ ገንዘቡ ከማን ይምጣ?

በሪያድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

ልጆቻችሁን ይዛችሁ መምጣታችሁ አስደስቶኛል፤ የምናገረው ነገር ከእኛ ይልቅ ለእነሱ ዕድሜ የሚቀርብ ነውና።

ዛሬ የምናነሣው አንድ ጥያቄ ነው። ገና ጀማሪ የሆነ የሳተላይት ኩባንያ፣ የባለአክሲዮኖቹን ድርሻ ሳያመናምን ለማደግ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከየት ሊያገኝ ይችላል? ጥያቄው ለነጋዴና ለመሐንዲስ ብቻ የሚቀርብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሁለት ምክንያቶች ወደ እናንተ አመጡት። አንደኛው፣ አገር ቤትም ሆነ በውጭ የሚኖሩ ወጣት ኢትዮጵያውያን በዚህ ሙያ እየሠለጠኑ መሆናቸውና ነገ ከነገ ወዲያ ኩባንያ ሲያቋቁሙ ገንዘብ የሚጠይቁት እናንተን መሆኑ ነው። ሁለተኛው ከተማዋ ናት። ሪያድ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚፈለግባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ የምንኖርባት ከተማ ምን እንደሠራች ሳናውቅ መኖር ደግሞ ያሳዝነኛል።

በቅድሚያ የድርሻ መመናመን ማለት ምን እንደሆነ በአጭሩ እናገራለሁ። ቀጥሎ የአንድ የአገራችንን ልጅ ኩባንያ ታሪክ ረጋ ብዬ እተርካለሁ፤ የንግግሬ መሠረት እሱ ነው። ከዚያ ሪያድ ውስጥ የተሠራውን እናያለን፣ ስለ ብድር ጥቂት እንላለን፣ በመጨረሻም ወደ አገር ቤት እንመለሳለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመካከላችሁ አገር ቤት የባንክ አክሲዮን የገዛችሁ ትኖራላችሁ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2021 የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ሲወስን ምን እንደተፈጠረ ታውቃላችሁ። ባንኮቹ አዲስ አክሲዮን አወጡ። ነባሩ ባለአክሲዮን ወይ ጨምሮ ይገዛል፣ ወይ ድርሻው ከጠቅላላው ሲሰላ ያንሳል። አንድ ኩባንያ 100 አክሲዮን ኖሮት እናንተ 60ውን ብትይዙ ውሳኔው በእጃችሁ ነው። ኩባንያው ሌላ 100 አክሲዮን ለአዲስ ሰው ቢሸጥ፣ በእጃችሁ ያለው ያው 60 ነው፤ ድርሻችሁ ግን ከመቶ 30 ሆነ። ትርፉም ድምፁም በዚያው ልክ ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። የድርሻ መመናመን ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። አዲሱ ገንዘብ በተገቢ ዋጋ ገብቶ ኩባንያውን ከእጥፍ በላይ ካሳደገው፣ ከትልቁ ላይ ያላችሁ 30 ከትንሹ 60 ሊበልጥ ይችላል። ጉዳት የሚሆነው ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት፣ አክሲዮኑ ረክሶ፣ በችኮላ ሲሸጥ ነው። የሳተላይት ኩባንያ ደግሞ ለዚህ ችግር ከሌላው በላይ የተጋለጠ ነው። ሆቴል የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን ፎቅ ጨርሶ ማከራየት ይችላል። ሳተላይት ግን ግማሿ አትመጥቅም። ለአንድ ትልቅ የመገናኛ ሳተላይት ለሠሪው፣ ለሮኬቱና ለኢንሹራንሱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይከፈላል። ክፍያው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሲፈስ አንዲት ሳንቲም ገቢ የለም። ከመጠቀች በኋላ ደግሞ ሥራ ኖራትም አልኖራት ዕድሜዋ መቆጠር ይጀምራል፤ ደንበኛ ባታገኝም ነዳጇ ያልቃል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ኖህ ሳማራ የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ ሱዳናዊ ናቸው። በሕግ ሠልጥኖ በሳተላይት ድግግሞሽ አመዳደብ ላይ የሠራ ሰው ነው። በ1980ዎቹ ኤድስ በአፍሪካ ሲስፋፋ ሕዝቡ መረጃ አጥቶ መሞቱ አሳሰበው። በ1990 ወርልድስፔስ የተባለ ኩባንያ ዋሽንግተን ላይ አቋቋመ። ሐሳቡ ከሰማይ በቀጥታ በእጅ ወደሚያዝ ራዲዮ የጠራ ድምፅ መላክ ነበር። ያኔ እንኳን አፍሪካ፣ አሜሪካም የሳተላይት ራዲዮ አልነበራትም። በ1992 የዓለም የድግግሞሽ ጉባኤ ለዚህ አገልግሎት የሚሆን ድግግሞሽ ተመደበ። ጥቅምት 1998 ላይ አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት ከደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ከኩሩ፣ በአሪያን ሮኬት መጠቀች፤ መጋቢት 2000 ኤዥያስታር ተከተለች። አንድ አዲስ አበባ የተወለደ ሰው አፍሪካንና እስያን የሚሸፍኑ ሁለት ሳተላይቶች ሰማይ ላይ አስቀመጠ። ይህ በአገራችን መጻሕፍት ውስጥ ተገቢውን ቦታ ያላገኘ ሥራ ነው፤ ልጆቻችን ስሙን ሊያውቁት ይገባል።

ገንዘቡ ከየት መጣ? በአብዛኛው ከዚህ አገር ነው። ዋናው አበዳሪ ስቶንሃውስ ካፒታል የተባለ፣ ከአንድ ታዋቂ የሳዑዲ ነጋዴ ቤተሰብ ጋር የተሳሰረ ድርጅት ነበር። አመጣጡን ልብ በሉ። ገንዘቡ በብዛት የገባው በብድር መልክ ስለነበር፣ ብድሩ በወረቀት ላይ የመሥራቹን ድርሻ አላመናመነም። ዛሬ የጠየቅነው ጥያቄ ተመልሶ ነበር ማለት ነው።

ግን ተመልሶ ነበር? ሳተላይቶቹ ሰማይ ላይ ሆነው የሚከፍል አድማጭ በበቂ ቁጥር አልተገኘም። ተቀባይ ራዲዮዎቹን እንደ ሂታቺ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ያሉ ኩባንያዎች ሠርተዋቸዋል። ዋጋቸው ግን አገልግሎቱ የታሰበለት የአፍሪካ ገበሬ ከሚከፍለው እጅግ የራቀ ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ የሳተላይቱን አቅም ለራዲዮ ጣቢያዎች ለማከራየት አሰበ፤ ኋላ ከአድማጩ ወርኃዊ ክፍያ ወደ መሰብሰብ ዞረ፤ ተስፋውንም በዋናነት ሕንድ ላይ ጣለ። ብድሩና ወለዱ በዚህ ሁሉ ጊዜ እያበጡ ነበር። በ2004 መጨረሻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በእጅጉ የሚበልጥ ዕዳ ነበረበት። ያኔ አበዳሪው ያደረገውን በአክብሮት ማንሣት እፈልጋለሁ። ስቶንሃውስ ዕዳውን ሰረዘና በምትኩ ኩባንያው ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ተቀናሽ በፊት ከሚያገኘው ዓመታዊ ገቢ አሥር በመቶውን እስከ 2015 ድረስ እንዲከፍለው ተስማማ። አክሲዮን አልወሰደም። ለመሥራቹና ለነባር ባለአክሲዮኖች ከዚህ የተሻለ ስምምነት ማሰብ ያስቸግራል፤ ኩባንያው ካተረፈ ይከፍላል፣ ካላተረፈ ምንም የለበትም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኩባንያው አልተረፈም። በነሐሴ 2005 ናስዳክ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ አንዱን አክሲዮን በ21 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። ወደ አክሲዮን ሊለወጡ የሚችሉ የብድር ሰነዶችንም አውጥቶ ነበር። ደንበኞቹ በደጉ ጊዜ ወደ 170 ሺህ ደርሰው እንደሆነ ነው፤ አብዛኞቹም ሕንድ ውስጥ ነበሩ። ሁለት አህጉር ለምትሸፍን ድርጅት ይህ ምንም ማለት አይደለም። በጥቅምት 2008፣ የዓለም ገንዘብ ገበያ በወደቀበት ወር፣ ወርልድስፔስ አሜሪካን አገር ፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ይህን ታሪክ ሰፋ አድርጌ የነገርኳችሁ ኖህ ሳማራን ለመውቀስ አይደለም። ራእዩ ትክክል ነበር። ለእኔ የዛሬው ንግግር ልብ ግን እዚህ አለ። ደንበኛ ሳይኖር የተወሰደ ብድር የድርሻ መመናመንን አያስቀርም፤ ያዘገየዋል እንጂ። ዕዳው መክፈያ ሲያጣ አበዳሪው ወይ ኩባንያውን ይወስዳል፣ ወይ እንደ ስቶንሃውስ ደግ ሆኖ ይሰርዝና ባለቤቱ ለቀጣዩ ዓመት ደመወዝ አክሲዮን መሸጥ ይጀምራል። ስለዚህ ጥያቄው ከብድርና ከአክሲዮን የትኛው ይሻላል የሚለው አይደለም። ከሁለቱም በፊት የሚመጣ ሌላ ገንዘብ አለ፤ የደንበኛው ገንዘብ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ይህንኑ ከተለያየ አቅጣጫ የሚያሳይ ነው።

ወደ ሪያድ እንምጣ። ዓረብሳት የተባለው የሳተላይት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሳተላይቶቹን የሚቆጣጠርበት ዋና ጣቢያ ደግሞ ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ዲራብ ላይ ይገኛል። በ1976 የዓረብ ሊግ አባል አገሮች አቋቋሙት። ትልቁ ባለድርሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ስትሆን ከሲሶ በላይ ትይዛለች። ጎረቤቶቻችን ሱዳን፣ ሶማሊያና ጅቡቲም ትንሽ ትንሽ ድርሻ አላቸው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት በየካቲት 1985 መጠቀች። ሁለተኛዋ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በዲስከቨሪ መንኮራኩር ስትሄድ ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን አብረው በረሩ፤ ከዓረቡ ዓለም ወደ ጠፈር የወጡ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1980ዎቹ የእነዚያ ሳተላይቶች አብዛኛው አቅም ባዶ ነበር። የየአገሩ ቴሌቪዥን በየራሱ ምሰሶ ይሠራ ነበር፤ ከሰማይ ለማሰራጨት የሚከፍል ጥቂት ነው። ዓረብሳት ያን ጊዜ የተሻገረው ባለአክሲዮኖቹ መንግሥታት ስለነበሩና መጠበቅ ስለቻሉ ነው። የግል ጀማሪ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ዕጣው የወርልድስፔስ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። በታኅሣሥ 1990 የግብፅ የሳተላይት ቻናል ሥርጭት ጀመረ፤ በ1991 ኤምቢሲ የተባለው የዓረብኛ ቴሌቪዥን ከለንደን ተከተለ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው አቅም ማነስ ሆነ።

ያኔ ዓረብሳት ያደረገው ለጀማሪ ሁሉ ትምህርት ነው። አዲስ ሳተላይት አሠርቶ እስኪመጥቅ ዓመታት ይፈጃል፤ ደንበኛው ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ስለዚህ በ1984 አኒክ ዲ 2 በሚል ስም ለካናዳ የመጠቀችን ሳተላይት፣ ሰማይ ላይ እንዳለች፣ በ1993 ወስዶ ዓረብሳት 1ዲ ብሎ ሰየማት። ያገለገለች ነች፣ የቀራት ዕድሜ አጭር ነው፤ ግን የማምጠቅ አደጋዋ አልፏል፣ ዋጋዋም ከአዲስ ጋር አይወዳደርም፣ ገቢዋም ወዲያው ይጀምራል። አዲሶቹ ሁለተኛ ትውልድ ሳተላይቶች በ1996 ሲመጥቁ ደንበኛው ቦታው ላይ ነበር። ለጀማሪ ኩባንያ መካሪ ብሆን የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ይሆናል፦ ገበያውን በሌላ ሰው ሳተላይት ላይ በተከራያችሁት አቅም ጀምሩ። ስማችሁ የተጻፈባትን ሳተላይት የማየት ጉጉት ይገባኛል፤ ሆኖም ያ ጉጉት የብዙ ባለአክሲዮን ገንዘብ በልቷል።

ሁለተኛው ትምህርት ከቅርብ ጊዜ ነው። በየካቲት 2019 ከኩሩ የመጠቀችው ሳተላይት ሁለት ስም አላት፤ ሄላስ ሳት 4 እና ሳዑዲጂኦሳት 1። አንዱ ክፍሏ የዓረብሳት ንብረት የሆነው የግሪኩ ኩባንያ የሄላስ ሳት፣ ሌላው ክፍሏ መቀመጫው ሪያድ የሆነው የምርምር ተቋም የንጉሥ አብዱልአዚዝ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማ ነው። እንደ አዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም ናት፤ መሠረቱ፣ ግድግዳውና ጣሪያው የጋራ፣ የቤቱ ቁልፍ ግን የየራስ። አንዱ ብቻውን ቢያሠራ ሙሉ አካሏን፣ ሙሉ ሮኬቷን፣ ሙሉ ኢንሹራንሷን ይከፍል ነበር። ሁለቱም ወጪውን ተካፈሉ፤ አንዱም ግን በሌላው ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን አልያዘም። ጀማሪ ኩባንያ እንዲህ ያለ ጎረቤት ካገኘ ከባንክ በፊት ወደ እሱ ይሂድ።

ሦስተኛው የሪያድ ምሳሌ ከሁሉም በላይ ጥያቄያችንን ይነካል። ኤኤስቲ ስፔስሞባይል የተባለ በ2017 የተመሠረተ የቴክሳስ ኩባንያ አለ። ሥራው እጃችሁ ላይ ካለው ተራ ስልክ ጋር ሳተላይትን በቀጥታ ማገናኘት ነው። በመስከረም 2024 የመጀመሪያዎቹን አምስት የንግድ ሳተላይቶች አመጠቀ። ለማደግ ብዙ አክሲዮን ሸጧል። በጥር 2025 ወደ አክሲዮን የሚለወጥ የ460 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ አዲስ አክሲዮን እየሸጠ የቦንዱን ከፍተኛ ክፍል መልሶ ገዛው። የሚለወጥ ቦንድ ዛሬ ብድር፣ ነገ አክሲዮን ነው፤ ወለዱ ዝቅ ያለው በዚህ ምክንያት መሆኑን ባለአክሲዮን ማወቅ አለበት። በጥቅምት 2025 ግን የተለየ ነገር መጣ። ብዙዎቻችሁ ሲም ካርዱን የምትጠቀሙበት የሪያዱ ኤስቲሲ ከኩባንያው ጋር የአሥር ዓመት ውል ፈረመ፤ ገና ለሚሰጥ አገልግሎት 175 ሚሊዮን ዶላር በቅድሚያ ለመክፈልም ተስማማ። በዚህ ገንዘብ ምክንያት የአንድም ባለአክሲዮን ድርሻ አይቀንስም።

ደንበኛ ለምን አስቀድሞ ይከፍላል? ለበጎ አድራጎት አይደለም። የሚፈልገው አቅም እንዳያመልጠው፣ ተፎካካሪው እንዳይቀድመው፣ ዋጋውም ለዓመታት እንዲረጋለት ነው። ከዚህ ብዙ ሳንርቅ አቡዳቢ ላይ ያህሳት የተባለው የሳተላይት ኩባንያ ይህንኑ በትልቁ አድርጎታል። የአገሩ መንግሥት ለ17 ዓመታት የሚቆይ 5.1 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ሰጠው፤ ከዚያም 1 ቢሊዮን ዶላሩ ሁለት አዳዲስ ሳተላይቶች ማሠሪያ እንዲሆን በቅድሚያ የሚከፈል ነበር። ግሎባልስታር ደግሞ የአፕልን ስልክ ከሳተላይት ጋር የሚያገናኘው ድርጅት ነው። በኅዳር 2024 አፕል እስከ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ሊሰጠው ተስማማ።

ይህ ገንዘብ ግን የራሱ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ሳልናገር ባልፍ በደልኋችሁ ማለት ነው። ግሎባልስታር ከአውታሩ አቅም 85 በመቶውን ለአፕል ሰጥቷል። ድርሻችሁ አልተመናመነም፣ ነገር ግን ኩባንያችሁ የአንድ ደንበኛ ሆነ። ያ ደንበኛ ሐሳቡን ቢለውጥ ወይም ዋጋ ቀንሱ ቢል እምቢ የምትሉበት ጉልበት የላችሁም። ባለቤትነት በአክሲዮን ቁጥር ብቻ አይጠፋም፤ በውልም ይጠፋል። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ ለሦስትና ለአራት ደንበኞች ቢከፋፈል፣ ለማንም ብቸኛ መብት ባይሰጥ፣ ቢሰጥም በአገርና በዓመት ቢገደብ ይሻላል። መቶ ሚሊዮን ካንድ ደንበኛ ከመቀበል ከአራቱ ሰማንያ መቀበልን እመርጣለሁ።

አሁን ስለ ብድር። ብድር ክፉ አይደለም፤ ጊዜ አለው። የደንበኛ ፊርማ ካለ በኋላ የሚመጣ ብድር ርካሽ ነው፣ አበዳሪው የሚያየው ሰማይን ሳይሆን ውሉን ነውና። ከብድሮች ሁሉ ለጀማሪ የሚመቸው የሠሪው አገር ዋስትና ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ ሲገዛ የአሜሪካው ኤክሲም ባንክ ዋስ የሆነባቸው ጊዜያት እንደነበሩ ታውቃላችሁ። አሜሪካ ዋስ የሆነችው ለሲያትል ሠራተኞቿ ሥራ ብላ ነው። ለሳተላይትም እንዲሁ ነው። የሳተላይት ስልክ ኩባንያው ኢሪዲየም በ2010 ሁለተኛ ትውልድ ሳተላይቶቹን ለማሠራት ታሌስ አሌኒያ ስፔስን ሲመርጥ፣ የፈረንሳዩ የወጪ ንግድ ዋስትና ሰጪ ኮፋስ ከ1.8 ቢሊዮን ዶላር ብድር 95 በመቶውን ዋስትና ሰጥቶታል። እንግዲህ ሳተላይት ሠሪ ስትመርጡ የሳተላይቷን ጥራት ብቻ አትጠይቁ፤ ከኋላዋ የቆመው መንግሥት ምን ያህል ዋስ ይሆናል ብላችሁም ጠይቁ።

ሪያድ ደግሞ ሌላ መንገድ ታውቃለች። በዚህ አገር ብዙ ገንዘብ ከወለድ ውጭ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ አሠራሩም ለሳተላይት እጅግ የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በኢስቲስናእ ውል ባንኩ የሚሠራውን ዕቃ በየደረጃው እየከፈለ ያሠራል፤ ሳተላይትም በየደረጃው እየተከፈለ ነው የሚሠራው። በኢጃራ ውል ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ያከራያል፤ ኪራዩ ሲያልቅ ዕቃው ወደ ተከራዩ ሊዞር ይችላል። ሱኩክ ደግሞ ከአንድ ንብረት ወይም ከአንድ ውል የሚመጣን ገቢ ብዙ ሰው እንዲካፈለው ያደርጋል። መቀመጫው እዚህ ከተማ የሆነው የፔትሮኬሚካል ኩባንያ ሳቢክ በ2006 የ3 ቢሊዮን ሪያል ሱኩክ አውጥቷል፤ መሠረቱ ለእህት ኩባንያዎቹ ከሚሰጠው የገበያ አገልግሎት የሚያገኘው ክፍያ ነበር። የሳተላይት አቅም ኪራይ ውልም ከዚህ በባሕርዩ የራቀ አይደለም። አገር ቤትም ያለ ወለድ የሚሠራው ዘምዘም ባንክ በ2021 ሥራ ጀምሯል፣ ሒጅራም ተከትሏል። ይህን አሠራር በየቀኑ የምታዩት እናንተ ናችሁና ለአገር ቤቱ ባለሙያ ብታስተምሩት ትልቅ አገልግሎት ነው።

ሮኬት ሊወድቅ እንደሚችል ግን ማንም አበዳሪ አይረሳም። ዓረብሳት 4ኤ በየካቲት 2006 መጨረሻ በፕሮቶን ሮኬት ስትመጥቅ የላይኛው ክፍል ሞተር ከመንገድ ቀረ፤ ሳተላይቷ ወደ ምህዋሯ ሳትደርስ ጠፋች። ምትኳ በሐምሌ 2008 መጠቀች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነው። ጀማሪ ኩባንያ የሳተላይቷን ዋጋ ብቻ ኢንሹራንስ ቢገባ፣ የእነዚያን ዓመታት ደመወዝና የደንበኞቹን ትዕግሥት ማን ይከፍልለታል? የአክሲዮን ገንዘብ ተገቢ ቦታው እዚህ ይመስለኛል። ባንክም ደንበኛም የማይሸከሙትን አደጋ የሚሸከም ባለቤት ብቻ ነው። ባለአክሲዮኖች መጀመሪያ ላይ በቂ ገንዘብ አስገብተው ይህን ክፍተት ቢሸፍኑ፣ በኋላ በችኮላ በርካሽ ከመሸጥ ይድናሉ።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። በታኅሣሥ 2019 ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን፣ ኢቲአርኤስኤስ 1ን፣ ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ አመጠቀች። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ መሬትን የምትመለከት ሳተላይት ነበረች፤ መቆጣጠሪያዋም እንጦጦ ላይ ነበር። ወጪዋ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ቻይና ወደ 6 ሚሊዮን ያህሉን በእርዳታ ሰጠች። በዓመቱ ሁለተኛዋ ተከተለች። እርዳታ ድርሻ አያመናምንም፤ መሐንዲሶቻችንም ሠልጥነውበታል፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን እርዳታ በሰጪው ጊዜና ፈቃድ ይመጣል። ለመጀመር ይሆናል፣ እድገትን በእርዳታ ላይ ማቀድ ግን አይቻልም።

ከዚህ ይልቅ ዓይኔን የሳበው ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለዓመታት በናይልሳትና በሌሎች ሳተላይቶች ላይ እየተበታተኑ በየግላቸው በውጭ ምንዛሪ ይከፍሉ ነበር። ከዚያ ተሰባስበው ኢትዮሳት በሚል ስም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለችው፣ ኤስኢኤስ በተባለው ኩባንያ ሳተላይት ላይ በጋራ ሠፈሩ። ብዙዎች ይህን የዲሽ አቅጣጫ ማዞር ብቻ አድርገው አዩት። እኔ ያየሁት ግን ወርልድስፔስ አጥቶት የነበረውን ነገር ነው፤ ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ የሚዋዋልና በየወሩ የሚከፍል ደንበኛ። ነገ አንድ ኢትዮጵያዊ ኩባንያ የመገናኛ ሳተላይት ላሠራ ቢል፣ የእነዚህ ጣቢያዎች የአሥር ዓመት ውል ከየትኛውም ሕንፃና መሬት የበለጠ መያዣ ይሆነዋል። በዚያ ላይ የባንኮችን ቅርንጫፎች፣ የኢትዮ ቴሌኮምን የገጠር ጣቢያዎችና የአየር መንገዱን አውሮፕላኖች ጨምሩበት። መሬትን ለሚመለከቱ ትንንሽ ሳተላይቶች ደግሞ የሰብል ኢንሹራንስ ሰጪዎችና የመስኖ ፕሮጀክቶች አሉ። እንደ ኢቲአርኤስኤስ 1 ያለች ሳተላይት በ8 ሚሊዮን ዶላር ከተሠራች፣ ጥቂት ቁም ነገረኛ ደንበኞች ለሚቀጥለው መነሻ ይበቃሉ።

አሁን እናንተን በቀጥታ ልናገር። አንድ ቀን አንድ ወጣት የሳተላይት ኩባንያ አቋቁሜአለሁ፣ አክሲዮን ግዙ ብሎ ወደዚህ አዳራሽ ይመጣል። በጥርጣሬ አትመልሱት፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያስፈልገናል። የሳተላይቷን ሥዕል ሲያሳያችሁ አድንቁለት፣ ከዚያ ግን የፈረሙ ደንበኞችን ውል እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ስንት ናቸው? ለስንት ዓመት ነው? የተከፈለው ስንት ነው፣ ተስፋ ብቻ የሆነውስ? ከሁሉ በላይ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብያለሁ ካለ፣ ሳተላይቷ ብትዘገይ ወይም ብትወድቅ ያ ገንዘብ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። የሚመለስ ከሆነ ገንዘቡ እስከ መምጠቂያው ቀን ድረስ ብድር ነው፤ ሮኬቱ ከወደቀ ደንበኛው ገንዘቡን ለመጠየቅ ከእናንተ ቀድሞ ይሰለፋል። የማይመለስ ከሆነ፣ ወይም ደንበኛው የምትተካዋን ሳተላይት ለመጠበቅ ከፈረመ፣ ልጁ ጠንክሮ ተደራድሯል ማለት ነው፤ አክሲዮኑንም በልበ ሙሉነት መግዛት ትችላላችሁ።

ወጣቶቹ እጃቸውን ሲያወጡ አያለሁና ከእነሱ ጥያቄ እንጀምር።